«ፖዘቲቭ ነው» ስትባሉ «የምኑ?» ብላችሁ ጠይቁ

ዛሬ ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ አንድ ቃል እናውራ።

እዚህ አሰላ አንዲት ነፍሰ ጡር እናት የመጀመሪያ ክትትሏን ጨርሳ ሄደች። በቀጠሮዋ ግን ቀረች። ከሳምንታት በኋላ ስትመጣ ከስታለች፣ እንቅልፍ አጥታለች። ለካ የጎረቤት ተማሪ ካርዷ ላይ «ፖዘቲቭ» የሚል አንብቦላት ኤች አይ ቪ መስሏታል። ለባሏም አልነገረችም። የተጻፈው እኮ የደም ዓይነቷ ነበር፤ «ኤ ፖዘቲቭ»! የኤች አይ ቪ ውጤቷ ኔጌቲቭ ነው። ጥፋቱ የሷ አይደለም። ካርዱን ሰጥቼ ሳላስረዳ የሸኘኋት እኔ ነኝ።

📌 ቃሉ ከየት መጣ?

«ፖዘቲቭ» መነሻው ላቲን ነው፤ «ፖኔሬ» ማለት «ማስቀመጥ» ነው። በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ሲገባ በመጀመሪያ «የተደነገገ»፣ ቀጥሎም «እርግጠኛ» የሚል ትርጉም ነበረው። «ፖዘቲቭ አስብ» ስንል የምናውቀው «ቀና፣ ጥሩ» የሚለው ትርጉም የመጣው በኋላ ነው። «ኔጌቲቭ» ደግሞ «መካድ» ከሚል የላቲን ግስ የወጣ ነው።

📌 ላብራቶሪ ውስጥስ?

በቃ፣ ፖዘቲቭ «የፈለግነው ተገኝቷል»፣ ኔጌቲቭ «አልተገኘም» ማለት ነው። ጥሩ ወይም መጥፎ የሚያደርገው የተፈለገው ነገር ነው። ልጅ ለናፈቀች ሴት የእርግዝና ምርመራ ፖዘቲቭ ሲሆን እልልታ ነው። የቲቢ ከሆነ ደግሞ ሕክምና መጀመር ያስፈልጋል።

ኤች አይ ቪ በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከታየ ወዲህ ግን ቃሉ የቫይረሱ ስም እስኪመስል ድረስ አብሮት ተጣበቀ። የእውነት የኤች አይ ቪ ፖዘቲቭ ቢሆንም እንኳ የሚያስቀር ነገር አይደለም። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። እናትም ክትትል ካደረገች ከቫይረሱ ነፃ የሆነ ልጅ መውለድ ትችላለች።

📌 የደም ዓይነት ላይ ተጠንቀቁ

እዚህ ጋ ቃሉ የሚናገረው «አር ኤች» ስለሚባል በቀይ የደም ሴል ላይ ስላለ ፕሮቲን ነው። ካለ ፖዘቲቭ፣ ከሌለ ኔጌቲቭ። ሁለቱም ጤናማ ናቸው።

ነገር ግን «ኔጌቲቭ ነሽ» ተብላ «ተመስገን፣ ነፃ ነኝ» ብላ የምትሄድ ነፍሰ ጡር አለች። የፅንሱ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ የእናትየው ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል ሊሠራና የሚቀጥለውን ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። መከላከያው «አንቲ ዲ» የሚባል መርፌ ነው፤ በእርግዝና ወቅት 28ኛው ሳምንት አካባቢ፣ እንዲሁም ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ውርጃ ወይም ደም መፍሰስ ካጋጠመም ቶሎ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል።

📌 ውጤት ስትቀበሉ እነዚህን ጠይቁ

1. የምን ምርመራ ነው?
2. ውጤቱ ለኔ ምን ማለት ነው?
3. መደገም አለበት? (ለምሳሌ ለኤች አይ ቪ በቅርቡ የተጋለጠ ሰው ውጤቱ ኔጌቲቭ ቢሆንም መድገም ሊያስፈልገው ይችላል።)
4. አሁን ምን ላድርግ?

ሐኪሙ ቢቸኩልም አትፈሩ፣ ጠይቁ። መልሱን መስጠት ሥራችን ነው።

ቤታችሁ ነፍሰ ጡር ካለች ዛሬውኑ ካርዷን አብራችሁ እዩላት። ለሌሎችም ሼር አድርጉ። ጤና ይብዛላችሁ! 🙏