የአረር ወገብ፦ ቦዩ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ሲኤምሲ ባሉ ባንኮችና ሕንፃዎች በር ላይ የታጠቀ ጥበቃ ማየት የተለመደ ነው። ፈረቃ ሲቀየር አንዱ መሣሪያውን ያራግፋል፣ ተረካቢው መልሶ ያጎርሳል። ከመሣሪያው ካዝና አናት ላይ ያለችው ያችው ጥይት ስትገባና ስትወጣ ትከርማለች። በገባች ቁጥር አፍንጫዋ ከብረት ጋር ስለሚጋጭ አረሩ ጥቂት በጥቂት ወደ ቀለሃው ሊሰምጥ ይችላል። ሲሰምጥ ባሩዱ የሚነድበት ክፍተት ይጠባል፤ ቃታው ሲሳብ የሚፈጠረው ግፊትም መሣሪያው ከሚችለው በላይ ሊሆን ይችላል። በተለይ በሽጉጥ ጥይት ላይ የሚሊሜትር ሽርፍራፊ እንኳ ቀላል አይደለም።

ይህን ለመከላከል ከተፈለሰፉት ዘዴዎች አንዱ በአረሩ ወገብ ዙሪያ የሚዞረው ቀጭን ቦይ ነው። የቀለሃው ከንፈር ወደ ቦዩ ታጥፎ አረሩን ይነክሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም መንሸራተት ይከብደዋል። ቦዩ በሁሉም አረር ላይ ግን የለም። ይኑር ወይስ ይቅር የሚለውን የሚወስነው ጥይቷን የሚጎርሰው መሣሪያ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አባቶቻችን የታጠቋቸውን ጠመንጃዎች ማየት ይበቃል። ውጅግራ የምንለው በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳይ ጠመንጃ ካዝና የለውም። ጥይቷ ከዝናር ወጥታ አንድ በአንድ በእጅ ትገባለች፤ እስክትተኮስ ድረስ የሚገፋትም የሚያላጋትም የለም። ለእንዲህ ያለ መሣሪያ የቀለሃው አንገት አረሩን ጠበቅ አድርጎ ከያዘ ሌላ አያስፈልግም።

በ1886 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌቤል ግን ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። ስምንት ጥይቶች ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ አፍንጫ ለጀርባ ይደረደራሉ። ስፕሪንጉ ዘወትር ይገፋቸዋል፤ ጠመንጃው በተተኮሰ ቁጥር ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ ይላጋሉ። አረሩ በደንብ ካልተያዘ ወደ ቀለሃው መግባቱ አይቀርም። ሹል አረር ሲመጣም የኋለኛዋ ሹል የፊተኛዋን ካፕሱል መትቶ እንዳያፈነዳ ፈረንሳዮቹ በቀለሃው መቀመጫ ላይ፣ በካፕሱሉ ዙሪያ፣ ክብ ቦይ ቆረጡ። ይህ የወገቡ ቦይ አይደለም፤ ምክንያቱ ግን ያው ግፊትና መላጋት ነው።

ክላሽም ጥይቱን የሚያጎርሰው በኃይል ወርውሮ ነው፤ ስለዚህ የጦር ሠራዊት ጥይቱ አረር ባለ ቦይ ነው። ጥይቶቹ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጡበት ሽጉጥ ላይ ችግሩ ይገለበጣል። ሽጉጡ ወደ ኋላ ሲመታ ቀለሃው አብሮት ይሄዳል፣ ያልተነከሰው አረር ወደ ፊት ይሾልካል፣ ከበሮውም ይያዛል።

ማካሮቭን የመሰሉ ሽጉጦች ለየት ይላሉ። ጥይቷ ገብታ የምትቆመው በቀለሃው ከንፈር ጠርዝ ነው። ከንፈሩ ወደ ቦይ ከታጠፈ መቆሚያዋ ይጠፋል። ስለዚህ ከንፈሩ ወደ አረሩ ጎን ጠበቅ ከመደረግ አያልፍም፤ የጥበቃው ጥይት በየፈረቃው የሚጎዳውም አንድም በዚህ ነው።

ወደ ባሌና አርሲ ደጋ አጋዘን ሊያድኑ በቦሌ በኩል ከሚገቡ የውጭ አዳኞች መካከል ጥይታቸውን አገራቸው ላይ ራሳቸው የሞሉ ይኖራሉ። በእጅ እየተጎተተ የሚያጎርስ፣ መካከለኛ ምት ያለው ጠመንጃ የያዘ አዳኝ ቦይ የሌለውን አረር ይመርጣል፤ ቦይ የአረሩን ሚዛን ሊያዛባ ይችላልና። ጎሽና ዝሆን ለሚጥል ከባድ ጠመንጃ ግን ምቱ በካዝና የቀሩትን ጥይቶች ስለሚያላጋ ቦዩን መተው አያዋጣም።

ቦዩ የሚወጣው የጥይቷ ሙሉ ርዝመት ከታወቀ በኋላ ነው፤ ከንፈሩ የሚያርፍበት ነጥብ ቀድሞ ካልታወቀ ቦይና ከንፈር አይገናኙም። ጥልቀት ሲበዛ የመዳብ ልባሱ ይደክማል። ቦይ በሌለው አረር ላይ ከንፈሩን በኃይል ማጠፍ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ልባሱን ይጨፈልቃል፣ ቀለሃውንም ያጎብጣል።

ይህ ሁሉ የፋብሪካ፣ ወይም በሌሎች አገሮች በሕግ የተፈቀደለት ሰው ሥራ ነው። በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረትን ይከለክላል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ መሞከር የለም። ፈቃድ ያለው መሣሪያ የያዘ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የተጎረሰችውን ጥይት ከዚያው ሣጥን ከወጣች አዲስ ጥይት ጎን ጠረጴዛ ላይ ያቁማት። አጥራ ከታየች አይተኩሳት፣ አረሩንም በፒንሳ ለመሳብ አይሞክር፤ መሣሪያውን ላስታጠቀው ክፍል ወይም ለፖሊስ ያስረክብ። የቀሩትንም በየፈረቃው ቦታ እያቀያየረ ያጉርስ።