ሲባጎ በቤት ውስጥ፤ ለንጽሕናም ለጌጥም



በዚህ ትምህርት የምንነጋገረው ስለ ሲባጎ ነው። ሲባጎ ከገበያ ዕቃ ታስሮበት ይመጣል። ዕቃው ሲፈታ አንድ ጥግ ይወረወራል፤ በኋላ ሲፈለግ አይገኝም። ነገር ግን በሚገባ ከተጠቀምንበት ቤትን በጣም ያግዛል። ጭልፋው፥ ኩባያው፥ ፎጣው መሬት ላይ ሲቀመጥ አፈርና የከብት እበት ይነካዋል፤ ዶሮ ይረግጠዋል፤ ዝንብ ያርፍበታል። ከዚያ ወደ እጃችን፥ ከእጃችንም ወደ አፋችን ነው። ዕቃን ከመሬት አንሥቶ መስቀል ታዲያ የንጽሕና መጀመሪያ ነው፤ ለዚህም ከክንድ የማይበልጥ ሲባጎ ይበቃል።

1. ሲባጎ ስለ መምረጥ

ሲባጎ ሁሉ አንድ አይደለም። ከጥጥ የተፈተለው ሙቀት ይችላል፤ በፈላ ውሃ ሊቀቀል ይችላል። ስለዚህ ምግብ ለሚነካ ሥራ የሚሻለው እርሱ ነው። ቃጫ ጠንካራ ነው፤ ዕቃ ለመስቀል ይሆናል። ነገር ግን ውሃ ከጠጣ ቶሎ ስለማይደርቅና ስለሚሻግት ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል። ናይለን ዝናብ አያበሰብሰውም፤ ለደጅ ሥራ ጥሩ ነው። እሳት አጠገብ ግን ይቀልጣልና ከምድጃና ከኩራዝ ይራቅ።

ከማዳበሪያ ጆንያ የተመዘዘ ክር ምግብና የውሃ ዕቃ አይንካ። የተባይ መርዝ ከነበረበት ዕቃ የተፈታ ሲባጎማ ጭራሽ ወደ ቤት አይግባ።

ቀጭን ሲባጎ ቢበጠስባችሁ አትጣሉት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ሦስቱን እንደ ሹሩባ ብትጎነጉኑት ጠንካራ ገመድ ይወጣዋል።

2. በማድ ቤት

በግድግዳው ላይ አንድ ገመድ ወጥራችሁ እሰሩ። በየጭልፋውና በየማማሰያው እጀታ ላይ የሲባጎ ቀለበት አድርጋችሁ በተርታ ስቀሉ። ዕቃው ታጥቦ ሲሰቀል ውሃው ይንጠፈጠፋል፤ ነፋስም ያደርቀዋል።

የጀሪካን ክዳን እየጠፋ ብዙ ውሃ ተከፍቶ ይውላል። ክዳኑን ከጀሪካኑ እጀታ ጋር በአጭር ሲባጎ እሰሩት። ለእንስራው ደግሞ ረጅም እጀታ ያለው መቅጃ አዘጋጅታችሁ ከበላዩ ስቀሉ። ልጆች ኩባያ ይዘው እጃቸውን ከውሃው ውስጥ እንዳይነክሩ ይህ ይከለክላል።

የቋንጣ ገመድ ለብቻው ይሁን፤ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ ለሥጋ አይሆንም። ቋንጣው ካለቀ በኋላ ገመዱን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቦ፥ አፍልቶ፥ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ይገባል። ቋንጣውም ሲሠራ በደንብ ይብሰል።

3. በእግር የሚሠራ የእጅ መታጠቢያ

ከሲባጎ ሥራ ሁሉ ለጤና የሚበልጠው ይኸኛው ነው። በመጸዳጃ ቤት አጠገብ አንድ፥ በማድ ቤት አጠገብ አንድ ቢኖር መልካም ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

ሀ. ቁመታቸው 2 ሜትር ያህል የሆነ ሁለት የባላ እንጨት ቁረጡ። 70 ሳንቲ ሜትር ያህል አራርቃችሁ በ50 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ትከሏቸው።

ለ. 5 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በሳሙና እጠቡ። መርዝ ወይም ነዳጅ የነበረበት አይሁን። ምስማር በእሳት አግላችሁ፥ ከክዳኑ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ፥ ከእጀታው በተቃራኒ በኩል አንድ ቀዳዳ ብሱ።

ሐ. አግዳሚ እንጨት በጀሪካኑ እጀታ ውስጥ አሳልፋችሁ በባላዎቹ ላይ አጋድሙት። ውሃውን ከቀዳዳው ትንሽ ዝቅ እስኪል ሙሉ።

መ. በጀሪካኑ አንገት ላይ፥ ከክዳኑ ሥር፥ ጠንካራ ሲባጎ እሰሩ። የሲባጎውን ሌላ ጫፍ አንድ ሜትር ከሚሆን እንጨት ጫፍ ጋር እሰሩት። የእንጨቱ አንደኛው ጫፍ መሬት ይንካ፤ የታሰረው ጫፍ ግን አንድ ስንዝር ያህል ከመሬት ከፍ ይበል።

እንጨቱን በእግር ስትረግጡት ሲባጎው የጀሪካኑን አንገት ይስበዋል፤ ውሃውም ይወርዳል። እግራችሁን ስታነሡ ጀሪካኑ ተመልሶ ይቆማል። እንግዲህ የቆሸሸ እጅ ምንም አይነካም፤ ውሃም በከንቱ አይፈስም። ከሥሩ ጠጠር አፍስሱበት፤ ጭቃ እንዳይሆን።

ሳሙናውንም በምስማር በስታችሁ፥ ሲባጎ አሳልፋችሁ፥ ከታች በኩል ትቋጥሩና ከጎኑ ትሰቅሉታላችሁ። ዝናብ እንዳያሟሟው የቅል ስባሪ ወይም ባዶ ቆርቆሮ ከበላዩ ድፉበት። ሳሙና ከጠፋ ንጹሕ አመድ ይሠራል።

እጅ የሚታጠበው ከመጸዳጃ ቤት ሲወጡ፥ ሕፃን ካጸዳዱ በኋላ፥ ምግብ ከማዘጋጀት፥ ከመብላትና ልጅ ከማጥባት በፊት ነው። እስከ 20 እስኪቆጠር ድረስ ጣቶችን እያፋተጉ መታጠብ ይገባል። ብዙ ሕፃናትን የሚጎዳው ተቅማጥ አንዱ መግቢያው ያልታጠበ እጅ ነውና።

4. ፎጣ፥ ልብስና አጎበር

ለእያንዳንዱ ሰው ፎጣ የየራሱ የሲባጎ ቀለበት ይኑረው። ለአባት አንድ ቋጠሮ፥ ለእናት ሁለት፥ ለበኩር ልጅ ሦስት እያላችሁ ብትቋጥሩበት ፊደል ያልቆጠረ ልጅ እንኳ የራሱን ይለያል። ይህን የምንለው ስለ ትራኮማ ነው። የታመመ ዓይን ፈሳሽ በእጅ፥ በጋራ ፎጣና በዝንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። በሽታው ሲደጋገም የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ እስከ ማሳወር ያደርሳል።

የልብስ ገመድ ፀሐይ በሚደርስበት፥ ከሰው መተላለፊያ ራቅ ብሎ፥ ከብት በማይደርስበት ከፍታ ይወጠር። ብርድ ልብሱንም በየሳምንቱ አውጥታችሁ አስጡ።

ወባ ባለበት አገር አጎበሩን በአራት ማዕዘኑ በሲባጎ ወጥራችሁ እሰሩ፤ ጠርዙንም ከፍራሹ ወይም ከሰሌኑ ሥር ወትፉት። ደህናውን አጎበር ቀዶ ገመድ ማድረግ ግን ልጅን ለትንኝ መስጠት ነው።

5. ለጌጥ

ንጹሕ ቤት ቢያምር ማን ይጠላል? ስለቱ የተድበሰበሰ ባዶ ቆርቆሮ ላይ ሙጫ ቀብታችሁ ሲባጎ በተርታ ብትጠመጥሙበት መልከ መልካም የማንኪያ ማስቀመጫ ይሆናል። ለስፌት አክርማ እንደምትነክሩ ሁሉ ሲባጎውንም ቀለም ብትነክሩት፥ የመደርደሪያ መጋረጃ ዘርፍ ይወጣዋል። መረብ አድርጎ ቋጥሮ ቅል መስቀልም ጌጥም ጥቅምም ነው። ብቻ ጌጥ ጢስና አቧራ ይሰበስባል፤ በረሮም ይሸሸግበታል። ስለዚህ ወርዶ የሚታጠብ ይሁን።

6. ሲባጎ የማይገባበት

እናቶች ሆይ፥ ይህን አደራ እንላለን። የቤት ሲባጎ፥ ክርም ቢሆን፥ የሕፃን እትብት ማሰሪያ አይደለም። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ዘር በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራል፤ በቆሸሸ ክርና ምላጭ በእትብቱ በኩል ይገባል። የተያዘው ሕፃን በመጀመሪያ ደኅና ይጠባል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ጡት መያዝ ያቅተዋል፤ ሰውነቱም ይገታተራል። ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ስለዚህ በእርግዝና ጊዜ ክትባቱን ተከተቡ፤ በጤና ተቋም ውለዱ። እትብቱ ላይ እበትም፥ ቅቤም፥ አፈርም አይደረግ። በየቀበሌው የተመደቡትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ገና በእርግዝናችሁ አማክሯቸው።

ዳግመኛም ረጅም ሲባጎ ሕፃን በሚተኛበትና በሚጫወትበት አይንጠልጠል፤ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ያንቃል። ማተብ የምታስሩለትም ክሩ ቀጭን፥ በቀላሉ የሚበጠስ፥ ንጹሕም ይሁን።

የሳምንቱ ሥራ

በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ሥሩ። የጀሪካኑን ክዳን እሰሩ፤ ለየልጁ የፎጣ ቀለበት ቋጥሩ፤ ከባለቤታችሁና ከልጆቻችሁ ጋር የእጅ መታጠቢያውን ትከሉ። እንጨቱን አባት ይቁረጥ፥ ጠጠሩን ልጆች ይልቀሙ፥ ቋጠሮውን እናት ታጥብቅ። ሲያልቅ ጎረቤት ጠርታችሁ አሳዩ። ዝንቡ ከጎረቤት ወደ እናንተ፥ ከእናንተም ወደ ጎረቤት ይመላለሳልና የአንድ ቤት ንጽሕና ብቻውን አይበቃም።