በመጽሐፍ ላነበብነው በደለኛ ስለ ማዘን

አንባቢ ሆይ፥ የልብ ወለድ ታሪክ ስታነብ ሌባው እንዳይያዝ፥ ነፍሰ ገዳዩም እንዲያመልጥ በልብህ ተመኝተህ ታውቃለህን? ብዙ ሰዎች ይህ ነገር ደርሶባቸው መጽሐፉን ከዘጉ በኋላ አፍረዋል። ስለዚህም አንዳንዶች «እንዲህ ያለው ርኅራኄ ኃጢአትን ማጽደቅ ነውና መጽሐፉን ጣሉት» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «የሰውን ልብ ሁሉ የተረዳ ሰው በማንም አይፈርድም» ይላሉ። ሁለቱም መንገድ የቀና አለመሆኑን በአንድ መጽሐፍ ምሳሌ እንመልከት።

የመስኮብ አገር ደራሲ ዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» የተባለውን ታሪክ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1866 ዓ.ም. አወጣ። በዚህ ታሪክ ራስኮልኒኮቭ የሚባል፥ በፒተርስቡርግ ከተማ የሚኖር፥ ትምህርቱን ያቋረጠ ድኻ ወጣት፥ በመያዣ ገንዘብ የምታበድር አንዲት አሮጊት በመጥረቢያ ይገድላል። እኅትዋ ሊዛቬታ ሳይታሰብ በገባች ጊዜ እርስዋንም ይገድላል። ወዲያው ሁለት ሰዎች መጥተው በሩን ያንኳኳሉ፤ እርሱም መጥረቢያውን እንደ ያዘ ከውስጥ ቆሞ ያዳምጣል። በዚያች ሰዓት የአንባቢው ልብ ከማን ጋራ ይመታል? ከገዳዩ ጋራ ነው። በስተኋላው የወደቁት የሁለቱ ሴቶች ሬሳ ግን ተረስቷል።

ይህ ስለ ምን ሆነ? ደራሲው የራስኮልኒኮቭን ረኃብና ትኩሳት፥ ስለ እናቱና ስለ እኅቱ ያለውንም ጭንቀት ገልጦ ስላሳየን ነው። ልቡ የተገለጠልንን ሰው መጥላት ያስቸግራል። ይህም በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ በደለኛው እንደ እኛ ያለ ሰው መሆኑን፥ ክፉ ሥራም ከትንሽ አሳብ ተነሥቶ ቀስ በቀስ እንደሚያድግ ያስተምረናልና። ነገር ግን ሦስት ነገር ልብ ልንል ይገባናል።

አንደኛ፥ ደራሲው ጥቂት የተናገረለትን ሰው አንርሳ። ሊዛቬታ ትሑትና ታታሪ ሴት ነበረች፤ እኅትዋም ትመታት ነበር። በአንድ ወቅት የራስኮልኒኮቭን ሸሚዝ የጠገነች እርስዋ ነበረች። ስለ ገዳዩ ብዙ ምዕራፍ ሲጻፍ ስለ እርስዋ የተጻፈው ጥቂት ነው። ነገር ግን የሰው ነፍስ ዋጋ በተጻፈለት ገጽ ብዛት አይመዘንም። ስለዚህ ለበደለኛው ባዘንን ቍጥር «የተበደለውስ ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ።

ሁለተኛ፥ እውነተኛ ርኅራኄ በደልን አይሸሽግም። ሶንያ የምትባለው ልጅ፥ በቤተ ሰዎችዋ ድኽነት ምክንያት ወደ ዝሙት ሥራ የተጣለች፥ የሊዛቬታ ወዳጅ ነበረች። ራስኮልኒኮቭ ወንጀሉን በነገራት ጊዜ አቅፋ አለቀሰችለት፤ ከእርሱ ይልቅ መከራ የጸናበት ሰው በዓለም እንደሌለም ተናገረች። ነገር ግን በዚያው ሰዓት ወደ መስቀለኛው መንገድ ወጥቶ፥ ምድርን ስሞ፥ ነፍሰ ገዳይ መሆኑን ለሰው ሁሉ እንዲናገር ነገረችው። አስቀድማም የአልዓዛርን መነሣት ያነበበችለት ወንጌል ሊዛቬታ ያመጣችላት ነበር። ስምንት ዓመት በግዞት ከባድ ሥራ እንዲሠራ በተፈረደበትም ጊዜ እስከ ሲቤሪያ ድረስ ተከተለችው። እነሆ፥ ሶንያ አልተወችውም፤ አልዋሸችውምም። የሞተችውን ወዳጅዋን ሳትረሳ ለገዳይዋ አዘነች።

ሦስተኛ፥ በመጽሐፍ ላለው ሰው ያፈሰስነው እንባ ወደ ሕያው ሰው ይድረስ። በዚህ ነገር የራሴን ጥፋት ልናገር። ተማሪ ሳለሁ ይህን መጽሐፍ ብዙ ሌሊት ተቀምጬ አነበብሁት፤ ስለ ራስኮልኒኮቭም አለቀስሁ። በዚያው ሰሞን በሰፈራችን የሚኖር አንድ ሰው በስርቆት ታስሮ ሲፈታ፥ በደጅ አግኝቶኝ «አንተ የተማርህ ነህና ሥራ የምለምንበት ማመልከቻ ጻፍልኝ» አለኝ። እኔም የያዝሁትን ቦርሳ ወደ ብብቴ አስጠግቼ «ጊዜ የለኝም» ብዬው ገባሁ፤ ገብቼም መጽሐፌን ገለጥሁ። ያ ሰው ከጥቂት ቀን በኋላ ከሰፈሩ ሄደ፤ ዳግመኛም አላየሁትም። ማመልከቻው የሚፈጀው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር።

ዶስቶየቭስኪ ራሱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1849 ዓ.ም. ተይዞ በሲቤሪያ በኦምስክ ወኅኒ አራት ዓመት የታሰረ ሰው ነበረ። የአገሩ ተራ ሕዝብ እስረኞችን «ያልታደሉ» እያለ ይጠራቸው፥ ምጽዋትም ይሰጣቸው እንደ ነበረ ስለ ወኅኒው በጻፈው መጽሐፍ ይነግረናል። እነዚያ ሰዎች ልብ ወለድ ማንበብ የማይችሉ ነበሩ፤ ዳሩ ግን እኔ አንብቤ ያልፈጸምሁትን ሳያነቡ ፈጸሙት።

ነቢዩ ናታን የድኻውን በግ ስለ ወሰደው ባለጠጋ በነገረው ጊዜ፥ ንጉሥ ዳዊት በታሪኩ ሰው ላይ ተቈጣ፤ ያ ሰው ራሱ መሆኑን ግን አላወቀም ነበር። እኛ ደግሞ በታሪኩ ላለው ሰው እናዝንና በደጃችን በቆመው ላይ እንፈርዳለን። ሁለቱም ያው አንድ ዕውርነት ነው።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፥ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ባነበብህ ጊዜ በእንባህ አትፈር፤ ነገር ግን እንባህን መርምረው። የተበደለውን አስበሃልን? በደሉን በስሙ ጠርተኸዋልን? ከወኅኒ ወጥቶ ሰላምታ የሚጠብቅ ጎረቤትስ የለህምን? ካለህ፥ መጽሐፉን ለጥቂት ጊዜ ዘግተህ በሩን ክፈትለት።