የሩቅ አገር አውሮፕላኖች

በተበላ ሰማይ ላይ አውሮፕላን ሲያልፍ ልጆች ከቤት ሮጠው ይወጣሉ። እኛ ትልልቆቹም እርሻችንን ተወት አድርገን ቀና እንላለን። በ1928 ዓ.ም. ግን በጦር ሜዳ ይህ ድምፅ ሲሰማ ሰው የሚሮጠው ወደ ጫካና ወደ ዋሻ ነበር። በዚያ ዓመት በመስከረም ወር ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ወረረ። አውሮፕላኖቹ ቦምብ ጣሉ፤ የመርዝ ጋዝም ረጩ። ጋዙ የሰው ቆዳ ይልጣል፤ ዓይን ያጠፋል። ሣሩንና ውሃውን ሳይቀር ይመርዛል።

ኢትዮጵያስ አውሮፕላን አልነበራትም ወይ? ነበራት፤ ግን ጥቂት ናቸው፤ ለውጊያም አይሆኑም። መልእክትና ሰው ያመላልሱ ነበር። ከአብራሪዎቹ አንዱ ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ሊረዳን ብሎ ባሕር ተሻግሮ መጣ።

ታዲያ ለምን ሌላ አልተገዛም? ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት እንግሊዝና ፈረንሳይ «ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም» አሉ። ነገሩ እኩል ፍርድ ይመስላል። እስቲ እንየው። ሁለት ሰዎች ተጣሉ እንበል። አንደኛው ጦር የሚሠራለት ብረት ቀጥቃጭ በግቢው አለ። ሁለተኛው ጦር የሚያገኘው ከገበያ ገዝቶ ነው። ገበያው ቢዘጋ ማን ይጎዳል? ኢጣሊያ አውሮፕላን የምትሠራው ራሷ ነበር። ክልከላው በኋላ ለኢትዮጵያ ሲነሣ ጊዜው መሽቶ ነበር።

ሐኪሞች ግን መጡ። የስዊድን ቀይ መስቀል ሰዎች ከራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ጋር ወደ ደቡብ ወረዱ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በገናሌ ወንዝ አጠገብ፣ መልካ ዲዳ በተባለ ቦታ፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች የሐኪሞቹን ድንኳኖች በቦምብ ደበደቡ። ብዙ ቁስለኞች በተኙበት አለቁ። ከስዊድናውያኑም አንዱ ሞተ።

በዚያው ጦርነት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን የሚባል ስዊድናዊ አብራሪ ኢትዮጵያ ገባ። ካውንት ይሉታል፤ ይህ በአገሩ የመሳፍንት ማዕረግ ነው። ዕድሜው 26 ዓመት ነበር። ቀይ መስቀል የተሣለባት ትንሽ አውሮፕላን እያበረረ መድኃኒትና ቁስለኛ ያመላልስ ነበር። አውሮፕላኗ ጠመንጃ እንኳ የላትም። መከላከያ የሌለው ሕዝብ ከሰማይ ሲደበደብ ምን እንደሚሆን በዓይኑ አየ።

ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ ትንሽ ሕዝብ ተጠቃ። ፊንላንድ በሰሜን አውሮፓ፣ ከስዊድን ጎን ያለች፣ ክረምቷ በረዶ የሆነ አገር ናት። ኅዳር 20 ቀን 1932 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ወረራት፤ ዋና ከተማዋን ሄልሲንኪን በዚያኑ ቀን ደበደበ። ፎን ሮዘን አሁንም አልተቀመጠም። ለመንገደኞች የተሠራ አውሮፕላን ተገኘለትና ቦምብ እንዲጥል ተደርጎ ተለወጠ። መድኃኒት ይጭን የነበረ ሰው ቦምብ ጫነ። ይህ ለእኛም ቀላል ነገር አይደለም፤ ተወያይተንበታል፤ አልተስማማንም።

ሌሎች ስዊድናውያን ፈቃደኞችም 12 ተዋጊ አውሮፕላኖችና ጥቂት ቦምብ ጣዮች ይዘው ሄዱ። ከእንግሊዝና ከፈረንሳይም አውሮፕላን ተላከ። የሚያስገርመው፣ ኢጣሊያም ሸጠላት! ኢትዮጵያን ከሰማይ የደበደበው ያው መንግሥት ለተጠቃ ሕዝብ አውሮፕላን ሻጭ ሆነ። ጀርመን ደግሞ ያን ጊዜ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ውል ነበራትና በአገሯ እንዳያልፉ ከለከለች። በባሕር ዞረው ሄዱ። ከአሜሪካ የተገዙት 44 አውሮፕላኖች ደግሞ አብዛኞቹ የደረሱት ውጊያው ካበቃ በኋላ ነው። በቆሎው ከደረቀ በኋላ የሚጥል ዝናብ እናውቃለን። ጦርነቱ በ105 ቀን አለቀ። ፊንላንድ ነጻነቷ አልተነካም፤ ከመሬቷ ግን ብዙ አጣች።

ፎን ሮዘን በ1938 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። አሁን የመጣው ለማስተማር ነው። ከስዊድን ከመጡ መምህራን ጋር ሆኖ በቢሾፍቱ የኢትዮጵያን አየር ኃይል አደራጀ። በ1939 ዓ.ም. ሳፊር የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አስነሥቶ፣ ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አንዴም ሳያርፍ አዲስ አበባ ደረሰ። አሥር ዓመት ያህል አስተማረ። በ1928 ዓ.ም. በጣት የሚቆጠሩ አብራሪዎች የነበሯት አገር የራሷን ልጆች እያሠለጠነች ታወጣ ጀመር። እርዳታ ከተባለ እኛ የምንመርጠው ይህን ነው፤ ሰጪው ቢሄድም ሙያው አገር ውስጥ ይቀራል።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት የድርቅ ዓመታት ሽማግሌው አብራሪ እንደገና መጣ። መኪና በማይገባባቸው ተራራማ ቦታዎች ዝቅ ብሎ እየበረረ እህል በከረጢት ይጥል ነበር። የሶማሊያ ጦርነት ሲጀመር ጎዴ ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ በድንገት ስትጠቃ እሱም ተገደለ። የሞተው መሬት ላይ እንጂ በአየር ላይ አይደለም። ዕድሜው 67 ዓመት ነበር።