የቀደሙ ድምፆች ለታሪክ ምን ይነግሩናል?



ባለፈው ክረምት ከየትምህርታችን ለዕረፍት ወደ ዛሪማ በተመለስን ጊዜ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በምናደርገው የጥናት ሰዓት፣ ከመካከላችን አንዱ በስልኩ ይዞት የመጣውን የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክን ድምፅ አሰማን። ድምፁ እንደ ጤፍ ቆሎ ይንጣጣል፤ ቃሉ እየመጣ ይጠፋል። ብዙዎቻችን ሳቅን። «የዐድዋው ንጉሥ ድምፅ እንዲህ ቀጭን ነው እንዴ?» ያለም ነበር። በጥግ ተቀምጠው ያዳምጡ የነበሩት የኔታ ግን አልሳቁም። «ስለ መተማ የሚሉትን እስቲ ድገሙት» አሉን። እኛ ጩኸቱን ስንሰማ እርሳቸው ነገሩን ሰምተው ኖሯል። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያች ጥያቄ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ከሊማሊሞ ዳገት በላይ ያለው የሰሜን አገር የነገሥታት ታሪክ የተሠራበት ነው። ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት ደረስጌ ማርያም ዛሬም አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ውቤን ድል ነሥተው በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ነው። የንጉሡን ደብዳቤዎች እናነባለን፤ ዜና መዋዕላቸውም ተጽፏል። ነገር ግን ሲቆጡ እንዴት እንደ ነበሩ፣ ቃሉን ፈጥነው ይሁን አርፈው ይናገሩ እንደ ነበር፣ የቋራ ሰው አነጋገር ይታወቅባቸው እንደ ሆነ የሚነግረን የለም። ወረቀት ያለ ጸሐፊ አይደርሰንም፤ ጸሐፊውም የንጉሡን ቃል አሳምሮ ነው የሚያስቀምጠው።

በዚያው ዘመን አካባቢ በፈረንሳይ አገር ኤድዋር ሌዎን ስኮት የተባለ ሰው በጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ የድምፅን እንቅስቃሴ በመስመር መሣል ችሎ ነበር። መስመሩን መልሶ ድምፅ የሚያደርግበት መሣሪያ ግን አልነበረውም። በ1852 ዓ.ም. የሣለው የዘፈን መስመር በ2000 ዓ.ም. በኮምፒዩተር ተነብቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። 148 ዓመት ሙሉ ዲዳ ሆኖ የቆየ ድምፅ መሆኑ ነው። የቀረጸውን መልሶ የሚያሰማ መሣሪያ፣ ፎኖግራፍ፣ በቶማስ ኤዲሰን የተሠራው በ1870 ዓ.ም. ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ ሰውየው አፉን ወደ ቀንድ መሰል ጡሩምባ አስጠግቶ ይናገራል፤ ድምፁ ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘው መርፌ በሚሽከረከር ጥቅልል ላይ ይቦረቡራል። ጥቅልሉ በኋላ ከሰም የሚሠራ ሆነ፤ የሚይዘውም የሁለት ደቂቃ ያህል ንግግር ነው። መርፌው በሄደበት ቁጥር ሰሙ ይፋቃል። ስለሆነም ድምፁን ብዙ ጊዜ ያዳመጠ ሰው በዚያው መጠን ያጠፋው ነበር።

ይህ መሣሪያ ነው እንግዲህ ከዐድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ በምኒልክና በእንግሊዝ ንግሥት በቪክቶሪያ መካከል መልእክተኛ የሆነው። ንግሥቲቱ በነሐሴ 1890 ዓ.ም. የሰላምታ ቃሏን በጥቅልል ላይ አስቀርጻ ላከች። በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ወኪል የነበረው ሐሪንግተን አቀረበው፤ ንጉሡም በክብር እንደ ተቀበሉትና መድፍ እንደ ተተኮሰ ተጽፏል። በ1891 ዓ.ም. ደግሞ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በየራሳቸው ቃል መልስ አስቀረጹ። ያ መልስ ከጊዜ ርዝመት ተርፎ ይኸው በስልካችን ይሰማል። ኢትዮጵያዊው የቋንቋ ሊቅ አብርሃም ደሞዝ በ1961 ዓ.ም. ቃሉን መርምረው በጽሑፍ አወጡት።

አሁን ወደ የኔታ ጥያቄ እንመለስ። ምኒልክ ድምፅሽን ሰምቼ ደስ አለኝ ይላሉ፤ ጤና ይመኛሉ፤ ይህ የማንኛውም ሰላምታ ወግ ነው። ከዚያ ግን ዐፄ ዮሐንስ ስለ ሃይማኖታቸው በሞቱባት በመተማ ሰንደቅ ዓላማችን እንዲተከል እንግሊዝ እንድትረዳቸው ይጠይቃሉ። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ደርቡሾቹም በእንግሊዝ ጦር ኦምዱርማን ላይ የተሸነፉት በነሐሴ 1890 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ማለትም ንግሥቲቱ ድምፅዋን ባስቀረጸችበት በዚያው ወር ነው። ስለዚህ መልሱ በሚቀረጽበት ጊዜ የመተማ ዕጣ ገና አልተቆረጠም ነበር። ንጉሡ ሁለት ደቂቃ ብቻ በምትሰጥ የሰም ጥቅልል ላይ፣ ለሰላምታ በተዘጋጀች ጊዜ፣ የድንበርን ነገር አስገቡበት። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል መተማ ወደ ኢትዮጵያ፣ ገላባት ወደ ሱዳን ሆነ። የሰሙ ቃል ይህን አስገኘ ማለታችን አይደለም፤ ውል የሚያደርገው ብዙ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ሰው አጋጣሚን እንዴት እንደሚጠቀም ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምን አለ?

የእቴጌ ጣይቱም ድምፅ ለእኛ ለሰሜን ልጆች የተለየ ነገር አለው። አባታቸው ብጡል የደጃዝማች ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው፤ የደጃዝማች ውቤም ዘመድ ናቸው። በደረስጌ የተሸነፈው ቤት የልጅ ልጅ በአዲስ አበባ እቴጌ ሆና ለእንግሊዝ ንግሥት ስትናገር የምንሰማው በዚህ ጥቅልል ነው። ከመካከላችን ያሉ እኅቶች ይህን በሰሙ ጊዜ ሁለተኛው ድምፅ ከመጀመሪያው ይልቅ ደጋግሞ እንዲሰማ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም።

የንግሥት ቪክቶሪያ ጥቅልልስ የት ደረሰ? ምኒልክ ከሰሙት በኋላ እንዲሰበር አስቀድሞ ታዝዞ ነበር፤ ተሰበረም። ንግሥቲቱ ድምፅዋ በማታውቀው እጅ እንዲቀር አልወደደችም። በመጀመሪያ ይህ ለእኛ የትዕቢት ነገር መስሎን ነበር። በኋላ ግን፣ ከዚህ በታች እንደምንገልጸው፣ ከዛሪማ ሳንወጣ ያንኑ ሥጋት ከሌላ ሰው አፍ ሰማነው።

በቅድሚያ ግን ስለ ሳቃችን እንናገር። የምኒልክ ድምፅ ቀጭን ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ሊሆን ይችላል። ጥቅልሉ ሲቀረጽ ከተሽከረከረበት ፍጥነት ይልቅ ፈጥኖ ከተሽከረከረ ወፍራሙ ድምፅ ቀጭን ይሆናል። ከዚህም ሌላ ያ ጡሩምባ ሁሉን እኩል አይሰማም ነበር። ዝቅ ያለውን የበገና ድምፅ በሚገባ አይዝም፤ ከበሮ በኃይል ሲመታ ደግሞ መርፌው ይዘላል። ከ1917 ዓ.ም. በኋላ የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን እስኪስፋፋ ድረስ ነገሩ እንዲሁ ነበር። ስለዚህ በአንድ የጥንት ቅጂ ላይ ከበሮ ባይሰማ «በዚያ ዘመን ከበሮ አልነበረም» የሚል ታሪክ ጸሐፊ ቢነሣ አንመነው። መሣሪያው ያልሰማው ነገር አልነበረም ማለት አይደለም።

ከምኒልክ ቃል ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ የምንጃሩ ሰው ተሰማ እሸቴ የአውቶሞቢል ሙያ ሊማሩ ወደ ጀርመን ተልከው ሳሉ በበርሊን ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ለሽያጭ ከታተሙት የኢትዮጵያ ሙዚቃዎች የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ናቸው። እርሳቸውም በኋላ ነጋድራስ ሆኑ። (የኳስ ወዳጆች እንዲያውቁት፦ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ልጃቸው ናቸው።) የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው የሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለ ነበር፣ በአገር ቤት በሰርግና በግብር ላይ ሰዓት ሙሉ ይሄድ የነበረው ግጥም እዚያ ሲደርስ ተቆርጦ ነው የሚቀመጠው። ዛሬ የምንሰማው ዘፈን ሁሉ አጭር የሆነው ከየት እንደ መጣ የጠየቀ አለ?

በ1898 ዓ.ም. ደግሞ ኤኖ ሊትማን የመራው የጀርመን የጥናት ቡድን፣ ከእኛ ተከዜን ተሻግሮ ባለችው በአክሱም ሲቆፍር፣ ካሽከ የተባለው ሐኪሙ በፎኖግራፍ የአገሩን ሰው ዜማ ቀርጾ ወስዷል። ጥቅልሎቹ በበርሊን የድምፅ ቤተ መዛግብት ተቀመጡ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ንጉሥ፣ እቴጌ፣ በርሊን የደረሰ ባለሙያ፣ ፈረንጅ በሰፈረበት ከተማ የተገኘ ሰው ተሰምቷል። የእኛ ቆላ፣ የአዲ አርቃይና የጸለምት ገበሬ፣ የሰሜን ተራራ እረኛ ከመሣሪያው ፊት አልቀረበም። ታሪክ በዚህ መስኮት የታየ እንደ ሆነ፣ መስኮቱ የተከፈተው ወደ ጥቂት ሰዎች ግቢ ብቻ ነው።

የዘገየ ቢሆንም ለአገራችን የቀረበ ምሳሌ አለ። በወገራ፣ በሰሜንና በደምብያ ከእኛ አባቶች ጋር ጎረቤት ሆነው የኖሩት ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሳይሄዱ በፊት፣ በ1966 ዓ.ም. ገደማ፣ ኬይ ሸለመይ የተባለች አሜሪካዊት የሙዚቃ ተመራማሪ በጎንደር አቅራቢያ ባለችው በአምቦበር የጸሎት ዜማቸውን በቴፕ ቀዳች። እርሷም ሆነች ሌሎች ሊያገኙ ያሰቡት የጥንት የአይሁድ ዜማ ነበር። የተቀዳው ሲመረመር ግን ሥርዓተ ጸሎታቸው ከኢትዮጵያ ገዳማውያን ሥርዓት ጋር በብዙ የተሳሰረ ሆኖ ተገኘ፤ በ15ኛው መቶ ዓመት አባ ሳብራ የተባለ መነኵሴ ወደ እነርሱ ገብቶ አስተማረ ከሚለው ከራሳቸው ትውፊትም ጋር ተስማማ። መጽሐፍ ብቻ ቢነበብ ይህ አይገኝም ነበር። ዛሬ በእነዚያ መንደሮች ያንን ዜማ የሚያሰማ የለም፤ ቴፑ ግን አለ።

ይህን ሁሉ ካጠናን በኋላ ነው የኔታን ዜማቸውን እንቅዳ ብለን የለመንናቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ጥርሳቸውም እየሳሳ ነው። የመለሱልን ግን «አይሆንም» ብለው ነው። ምክንያታቸው ሁለት ነበር። አንደኛ፣ «ተማሪ ሲሳሳት ስልኩ ይቆጣዋል?» አሉ። ሁለተኛ፣ ቃለ እግዚአብሔር ተቆራርጦ የትም ሲጮኽ፣ ከዘፈን መካከል ሲገባ ሰምተዋል፤ የእርሳቸውም እንዲሁ እንዳይሆን ፈሩ። ቪክቶሪያ ጥቅልሏን ያሰበረችበት ሥጋት ይኸው አይደለምን?

እኛም ልንከራከር ሞከርን። ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ከዘመረ በኋላ ወደ እኛው ወደ ሰሜን መጥቶ እንዳስተማረ ገድሉ ይተርካል፤ ግዕዙ፣ ዕዝሉና ዓራራዩ ከዚያ ጊዜ አንሥቶ በቃል ሲወርድ ኖረ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት፣ እነ ይዘትን፣ እነ ድፋትን፣ እነ ርክርክን ባወጡ ጊዜስ ምልክቱ መምህሩን አስቀረውን? አላስቀረውም፤ ምልክቱን አይቶ ብቻ የሚያዜም ማንም የለም። የኔታ አዳምጠው ዝም አሉ። በሳምንቱ ራሳቸው ጠሩን። የሚቀዳው ልጅ አስቀድሞ ዜማውን ከእርሳቸው ይማር፤ ቅጂው በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ይቀመጥ፤ ያለ ደብሩ ፈቃድ አይውጣ አሉ። ተስማማን። ከመካከላችን ሦስቱ ተማሩ፤ ሁለቱ አሁንም እየተማሩ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ለአባላት አንድ ነገር እንለምናለን። በየቤታችሁ በሣጥን የተቀመጠ ካሴት አይጠፋም። ወደ ሱዳን ወይም ወደ ሌላ አገር የሄደ ዘመድ በደብዳቤ ፈንታ ድምፁን ቀድቶ የላከው፣ የሟች አያት ሙሾ፣ የሰርግ ዘፈን ሊሆን ይችላል። የዛሪማ ሙቀት ለካሴት መልካም አይደለም፤ ክሩ ይጣበቃል፣ ይሻግታል። አምጡልንና ወደ ሌላ እንገልብጠው፤ ዋናውን እንመልሳለን። ስታመጡ የተናጋሪውን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ፤ ስም የሌለው ድምፅ ለመርማሪ ብዙ አይረዳምና።

የየኔታን ቅጂ የጀመርነው በጾመ ፍልሰታ ነው። መጀመሪያ ቀኑን፣ ዓመተ ምሕረቱንና «ዛሪማ» የሚለውን በራሳቸው አፍ ተናገሩ፤ ቀጥለው ዜማውን አነሡ። መካከል ላይ ሲደርሱ ዝናቡ መጣና ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ሲያልቅ አዳመጥነው፤ ከድምፃቸው ዝናቡ ይበልጣል። ከእኛ አንዱ ይህ አይረባም፣ እናጥፋውና ሌላ ቀን እንቅዳ አለ። የኔታ ግን «ሌላም ቀን ቅዱ፤ ይህን ግን አታጥፉት። ዘንድሮ በዛሪማ መዝነቡንም ይስሙት» አሉ።