አንበጣ ነፋስን በምን ያውቃል

አንበጣ በአገር ላይ ሲወርድ ሰው ኹሉ ብዛቱንና የሚያጠፋውን ያያል፤ የሚመራው ነገር ግን ከዐይን የተሰወረ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በደቡብና በሰሜን ወሎ ምሥራቃዊ ቆላ ወርዶ ለአጨዳ የደረሰውን ጤፍና ማሽላ ባጠፋ ጊዜ፥ ገበሬው ቆርቆሮ እየመታ፥ ጅራፍ እያጮኸ ይከላከል ነበር። ነገር ግን መንጋ በጩኸት ካንዱ ማሳ ቢነሣ በጎረቤት ማሳ ይወርዳል። ስለዚህ በመካነ ሰላምና በቦረና ደጋ ያሉ መምህራንና ሽማግሎች የዚህን ፍጥረት ጠባይ ክፉው ቀን ሳይደርስ ቢያውቁት ይጠቅማል።

አንበጣ በግንባሩና በዐናቱ ላይ ጥቃቅን ጠጕሮች አሉት። ከያንዳንዱም ጠጕር ሥር አንድ ነርቭ ተተክሏል። ነርቭ ማለት በሰውነት ውስጥ ወሬ የሚያደርስ ቀጭን የስሜት ጅማት ነው። አንበጣው ሲበር አየሩ ፊቱን እየመታ ጠጕሩን ያጐብጠዋል፤ ነርቩም ይህን ለአንጐል ይነግራል። ከአንጐልም ሌሎች ወፍራም ነርቮች ወሬውን ተቀብለው በደረቱ ወዳለው የነርቭ ቋጠሮ ያወርዱታል፤ የክንፉ ጡንቻ ትእዛዝ የሚቀበለውም ከዚያ ነው።

ጠጕሮቹ ኹሉ ለአንድ ወገን ነፋስ የተሠሩ አይደሉም፤ አንዱ ከቀኝ፥ ሌላው ከግራ ለሚመጣው ይበልጥ ይነቃል። ስለዚህ አየሩ ባንድ ጐን ቢበረታ አንበጣው ዐውቆ አካሄዱን ያቀናል። በራሱ ላይ ያሉት ኹለት ቀንዶችም በአየሩ ግፊት መጠን ስለሚገፉ ፍጥነቱን ይለካሉ።

ቶርከል ቫይስ ፎግ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1949 ይህን የጠጕሮቹን ሥራ ገልጦ ጻፈ። አንበጣ ከእግሩ በታች መቆሚያ ሲያጣ ክንፉን ማራገብ ይጀምራል፤ በረራው የሚጸናው ግን ነፋስ በፊቱ ሲነፍስበት ነው።

ኾኖም ይህ ስሜት ወሰን አለው። ዐይኑን ጨፍኖ በታንኳ የሚሄድ ሰው ወንዙ ምን ያህል እንደ ወሰደው አያውቅም፤ ዐይኑን ገልጦ ዳሩን ሲያይ ብቻ ይረዳዋል። አንበጣም እንዲሁ ነው። ጠጕሮቹ ፊቱን የሚመታውን አየር እንጂ፥ እርሱን ከነአየሩ ተሸክሞ የሚሄደውን ነፋስ አይነግሩትም፤ ይህን የሚረዳው ምድሪቱን በዐይኑ አይቶ ነው። በመንጋው ውስጥ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ቢበርም፥ መንጋው በጠቅላላው ነፋስ ወደሚነፍስበት ይሄዳል፤ ባንድ ቀንም እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል።

ከዚህ ኹለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያው፥ አንበጣ ብርድ ሲይዘው አይበርም፤ ሌሊቱን ዐርፎ ያድርና ፀሐይ ከወጣች ከ2 ወይም ከ3 ሰዓት በኋላ ይነሣል፤ ቀኑ ቀዝቃዛ ከኾነም ከዚህ ይዘገያል። ስለዚህ መድኀኒት ለመርጨት የሚሻለው ጊዜ ንጋት ነው። ኹለተኛው፥ መንጋ በታየ ጊዜ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ተመልክቶ፥ በዚያ አቅጣጫ ላለው ቀበሌ አስቀድሞ መልእክት መላክ ይገባል። መልእክቱ የደረሰው ሰው የበሰለውን እህል ቢያጭድና ቢሰበስብ፥ ያጨደውን ያህል አተረፈ።

መምህሩ ይህን ለተማሪዎች እንዲህ አድርጎ ያሳይ። አንዱ ተማሪ ክንዱን ገልጦ ዐይኑን ይጨፍን፤ ሌላው በቀጭን ሸምበቆ ቀስ ብሎ በክንዱ ጠጕር ላይ እፍ ይበልበት። ዐይኑን የጨፈነውም ነፋሱ ከወዴት እንደ መጣ ይናገር። ቀጥሎ ኹሉም ወደ ደጅ ወጥተው፥ ከእጃቸው ጥቂት ገለባ በትነው የነፋሱን መሄጃ ይመልከቱ፤ በዚያ መሄጃ የሚገኘውንም የመጀመሪያ መንደር ስም ይጥሩ። ይህን የለመደ ልጅ መንጋ በመጣ ቀን ወሬው ወዴት እንደሚላክ ለማወቅ አይቸገርም።