ሜዳው የማን ነው?

መርሳ ከተማ፣ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ዕድሜያቸውን እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ የኖሩ አዛውንትና ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የምትማር የጎረቤት ልጅ ቡና እስኪፈላ ያወጉት ነው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ሳላበላሽ አልቀረሁም። ለሥራ ያመለከትኩበት መሥሪያ ቤት ኢሜይል ላከልኝ። ጥሩ ጥሩውን ሁሉ ጽፈው መጨረሻ ላይ «ዘ ቦል ኢዝ ኢን ዩር ኮርት» ይላል። ኮርት ስል ፍርድ ቤት መጣብኝና ደነገጥኩ። ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ይኸው አምስት ቀን መልስ አልሰጠሁም።

ሽማግሌው፦ አብሽሪ ልጄ፣ የከሰሰሽ የለም። ኮርት እዚህ ላይ የቴኒስ መጫወቻ ነው። መካከሉ ላይ መረብ አለ። አንዱ መትቶ ኳሷን ከመረቡ ማዶ ካሻገራት በኋላ፣ ያኛው እስኪመልሳት ቆሞ ከመጠበቅ በቀር ምንም ማድረግ አይችልም። ሰዎቹ «የኛን ጨርሰናል፣ ተራው ያንቺ ነው» ነው ያሉሽ። አምስት ቀን ሙሉ የጠበቁት አንቺን ነው።

ወጣቷ፦ በሞትኩት! ታዲያ ለምን ተራው ያንቺ ነው ብለው አይጽፉም?

ሽማግሌው፦ እኛስ ለፎካሪ ሰው «ሜዳውም ያው፣ ፈረሱም ያው» የምንለው ለምንድን ነው? ጉግስ አይቶ የማያውቅ የከተማ ልጅ እንኳን ይለዋል። ሰው የሚወደውን ጨዋታ ቃል ወደ ቤቱ ይዞ ይገባል። እንግሊዞች በቴኒሱ፣ በቦክሱ፣ በፈረስ እሽቅድምድሙ፣ አሜሪካኖች ደግሞ በቤዝቦላቸው እንደዚያው ናቸው። እንዲህ ያለ አባባል ሲገጥምሽ ቃሉን ከመተርጎምሽ በፊት ሜዳው የማን ነው፣ እዚያ ሜዳ ላይ ማን ምን ሲያደርግ የተባለ ነው ብለሽ ጠይቂ።

ወጣቷ፦ በዜና ግን «ኳሱ ያለው በመንግሥት ሜዳ ነው» ሲሉ እሰማለሁ። ተተርጉሟል ማለት አይደለም?

ሽማግሌው፦ እሱ ነው እኮ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ! ሜዳ ሲባል አንቺ የሚታይሽ ምንድን ነው? እግር ኳስ ነው። በእግር ኳስ ደግሞ ኳሱ ያንቺ ሜዳ ውስጥ ከሆነ ተጠቅተሻል፣ በረኛሽ ተጨንቋል ማለት ነው። በቴኒስ ግን ምርጫው ያንቺ ነው ማለት ነው። ቃሉ ተሻገረ፣ ሐሳቡ ወዲያ ማዶ ቀረ። «ተራው የመንግሥት ነው» ቢሉ እዚሁ ሐብሩ ገጠር ያለችው እናት ሳትቀር ትረዳው ነበር።

ወጣቷ፦ «ሙቪንግ ዘ ጎልፖስትስ»ስ?

ሽማግሌው፦ እሱን እንኳ እዚህ መንደር ማንም ያስረዳሻል። ያንን ሜዳ እይው። ልጆቹ ጎል ያደረጉት ሁለት ድንጋይ ነው። በረኛውን ልብ ብለሽ ተመልከቺ፤ ኳሱ ሲርቅለት ጠብቆ አንዱን ድንጋይ በእግሩ ገፋ ያደርጋል። አየሽው? አሁንም ገፋ። መጀመሪያ አምስት እርምጃ የነበረው አራት ሆኗል። ወልድያ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው በሼህ ሙሐመድ ሁሴን አልአሙዲ ስታዲየም እንዲህ ማድረግ አይቻልም። የጎሉ ስፋት 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ነው፣ ብረቱም ተተክሏል። እንግዲህ አንድ ሰው ይህን ካሟላሽ እቀጥርሻለሁ ብሎሽ፣ ስታሟዪ ሌላ ቢጨምርብሽ ድንጋዩን ገፋብሽ ማለት ነው። ሜዳው የጋራችን ስለሆነ ይሄኛው ሲተረጎም አይጎረብጥም።

ወጣቷ፦ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ እርዳታ ስናከፋፍል ደግሞ አንዱ አስተባባሪ «ቦልፓርክ ፊገር» ስጪኝ አለኝ።

ሽማግሌው፦ ቦልፓርክ አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚጫወቱበት ቦታ ነው። ቁጥሩ እቅጩን ባይሆንም ከአጥሩ አይውጣ እንደማለት ነው። ለዚህ ቤዝቦል አያስፈልገንም፤ «በግርድፉ ንገሪኝ» ይበቃል። ግርድፍ ያልላመ ዱቄት አይደል? እነሱ ከሜዳ ያመጡትን እኛ ከወፍጮ አምጥተነዋል። እኔ እንዲያውም የኛው ይጥመኛል።

ወጣቷ፦ ፎጣ መወርወርስ?

ሽማግሌው፦ ቦክስ ነው። የሚደበደበው ልጅ እንዳይጎዳበት አሰልጣኙ ፎጣውን ወደ መድረኩ ይወረውራል፣ ግጥሚያው ያበቃል። በአማርኛ «ፎጣ ወረወረ» ብትዪ ግን የወሎ ሰው ትከሻው ላይ ያለውን ፎጣ ነው የሚያስበው። «በቃኝ አለ» ወይም «እጁን ሰጠ» በይ።

ወጣቷ፦ ከኛ ወደ እነሱ የሄደ የለም?

ሽማግሌው፦ ምሩጽ ይፍጠርን ታውቂዋለሽ? በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ያመጣውን? ከሯጮቹ ጋር ተቀላቅሎ ይቆይና መጨረሻው ላይ ድንገት ይፈተለክ ነበር። እኛ ከሾፌሮች ቃል ተውሰን «ማርሽ ቀያሪው» አልነው፤ ፈረንጆቹም «ይፍተር ዘ ሺፍተር» አሉት። ዛሬ ነጋዴውም ተማሪውም «ማርሽ ቀየረ» ይባላል። መኪናው ሩጫውን አልፎ ኑሮ ውስጥ ገባ።

ወጣቷ፦ ከዚያ የቆየ የኛ የጨዋታ ቃልስ?

ሽማግሌው፦ ሚና! ይህን ቃል ዛሬ ሰው ሁሉ «የሴቶች ሚና»፣ «የወጣቱ ሚና» እያለ ለስብሰባ ያውለዋል። እኛ በልጅነታችን የምናውቀው በገና ጨዋታ ነው። ሩሯ ስትንከባለል ግርግር ይሆናል፤ አንዱ ከወገኑ ወጥቶ በባላጋራው በኩል ገብቶ ሲመታ «ሚናህን ለይ!» ተብሎ ይጮኽበታል። ካልለየ ዱላው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው። ይኸው ምልክቱ፣ እግሬን እይው። በደርግ ጊዜ «ሚናውን ያልለየ» ሲባል ስሰማ ይህ ጠባሳ ነበር ትዝ የሚለኝ። ቃሉ ከገና ሜዳ ወጥቶ ሰው የሚያስፈራ ሆኖ ነበር።

ወጣቷ፦ ሚና ከገና መሆኑን ዛሬ ገና ሰማሁ፣ ጋሼ። እንግዲህ ነገ ወልድያ ስገባ መልስ እጽፍላቸዋለሁ።

ሽማግሌው፦ ስልክሽ እጅሽ ላይ አይደል እንዴ? እዚሁ ጻፊው። መጀመሪያ ስለ መዘግየትሽ ይቅርታ ጠይቂ፣ ከዚያ መቼ መጀመር እንደምትችዪ በቀጥታ ንገሪያቸው። ኳስም ሜዳም አታስገቢበት። ስትጨርሺ አንብቢልኝ፤ ሁለተኛው ቡና አልደረሰም።